የሰባቱ እናቶች ዝምታ

ዲሪባ የተገኘው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ ነበር። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ከእግሩ አጠገብ ከሰሉ አመድ የሆነበት ማንደጃ ተቀምጧል። ክፍሏ የዘፈን መቅጃ ስለሆነች ግድግዳዋ በሙሉ በስፖንጅ ተለብጧል፤ መስኮት የላትም፤ በሯም ድምፅ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንዴ ገልመጥ አድርጎ «ወይኔ፣ ከሰል!» ብሎ ራሱን ይዞ የሚወጣበት ሁኔታ ነበር።

አዛዡም ያንኑ አለ።

«በየክረምቱ የምናየው ነው» አለ በስልክ። «ከሰሉን ያስገባችው ሴትዮም ታውቃለች፤ ጠዋት በር ላይ ነው የያዝናት። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ሰው በቸልተኝነት መግደል። አንቺ ፋይሉን ብቻ አስተካክለሽ አምጪልኝ።»

ዋና ኢንስፔክተር ነቢላ «እሺ» አለች። እሺታው ግን ከአፏ አላለፈም። ነቢላ አንድ ነገር ካልተዋጠላት አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም፤ ባሏ «እሾህ ላይ ተቀምጠሽ ነው እንዴ እራት የምትበዪው?» እያለ ሲያበሽቃት ይኖራል። ክፍሏን ዞረቻት፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች። ሳጅን ሚፍታ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይከተላታል።

«ሚፍታ፣ ሴትዮዋ ከሰሉን ለምን አስገባች ተባለ?»

«ቡና ላፈላለት ብላ ነው ተብሏል።»

«ጀበናው የታለ?»

ሚፍታ ግራ ቀኝ ተመለከተ። «ምናልባት ሳታመጣው...»

«ከሰሉ አመድ እስኪሆን ድረስ?»

መልስ አልጠበቀችም። ዓይኗ ወደ ላይ፣ ከጣሪያው ስር ወዳለች የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሄዷል። ቀዳዳዋ በስፖንጅ ተወትፋለች። ነቢላ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ወንበር ሳብ አድርጋ ወጣችና ስፖንጁን ነቀለችው። ቀዝቃዛ አየር ፊቷ ላይ ነፈሰ፤ ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። አንድ ጎረምሳ ከዚህ አየር በአንድ ስፖንጅ ምክንያት ተለይቷል፤ ይሄ ደሟን አፈላው።

ኤፍራታ በረንዳው ላይ ዓይኗ አባብጦ ተቀምጣለች። ከዲሪባ ጋር የአርሲ ሴቶችን የቆዩ ዘፈኖች ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው እሷ ናት። ስፖንጁን ስታይ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ይሄ የት ነበር?»

«ቀዳዳው ውስጥ።»

«አይሆንም። እሱን የምንወትፈው ስንቀዳ ብቻ ነው። ትናንት ከሰዓት ሥራ ስንጨርስ እኔው ነኝ ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ የጣልኩት። ዲሪባ ሲታፈን ራሱን ያመዋል፤ እሱ መልሶ አይወትፈውም።»

«ይህን ነገር ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። አከራያችን ጋሽ ወንድምአገኝ፣ ቀዳዳውን የበሱልን እሳቸው ናቸው። የዲሪባ መምህር ጋሽ ኢብሳም እዚህ ቀድተዋል።»

«የታሰሩት ሴትዮ፣ አዴ ራቢያስ?»

«እሷን የምንቀዳት ሁሩታ፣ ቤቷ ሄደን ነው። ትናንት ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ ሳሎን ከዲሪባ ጋር ሲያወሩ ጥያቸው ሄድኩ። መቅጃ ክፍሉን አይታውም አታውቅም።»

ነቢላ ከኤፍራታ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወዲያው ደግሞ ተነሳች።

«ከዲሪባ ጋር ትጣሉ ነበር አሉኝ።»

«በምን እንደተጣላን ላሳይሽ» አለች ኤፍራታ፤ ተከፍታለች። ላፕቶፗን ከፈተች። «ዘፈኖቹን ቃል በቃል ጻፍናቸው። ከዚያ ዲሪባ አንድ ፕሮግራም ሠራ። ማን የትኛውን ቃል እንደምታዘወትር ይቆጥራል፤ የሚመሳሰሉትን ያቀራርባል። እያንዳንዷ ዘፋኝ እዚህ አንድ ነጥብ ናት።»

ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ ተበትነዋል። አንዱ ጥግ ላይ ግን ሰባቱ ተደራርበው ሊለዩ አይችሉም።

«እነዚህስ ምን ሆነው ነው?»

«‹ሰባቱ እናቶች›። የጋሽ ኢብሳ መጽሐፍ። በወጣትነታቸው ከሰባት ቀበሌ የቀዷቸው ሰባት ሴቶች ናቸው ተብሎ ነው የሚታወቀው። ተራርቀው መታየት ነበረባቸው። እኔ ፕሮግራሙ ተሳስቷል አልኩ። ዲሪባ ደግሞ ይሄን አመጣብኝ።» አንድ ሠንጠረዥ አሳየቻት። «በ‹ቡ› የሚጀምር ቃል በሰባቱም ዘፈን ውስጥ የለም። ቡና የለም። ቡዴና፣ በኦሮምኛ እንጀራ ማለት፣ እሱም የለም። የሠርግ ዘፈን እንጀራና ቡና ሳይጠራ ይዘፈናል? በሌሎቹ ሴቶች ዘፈን ውስጥ ሞልቷል። እኔ ፊደሉን ማሽኑ ዘሎት ነው ስለው እሱ ‹ማሽኑ አልዘለለም፤ ሰው ነው የዘለለው› አለኝ። ሁሩታ ሄዶ አዴ ራቢያን ጠየቃት። ምን እንዳለችው ግን ‹እሷ ሳትፈቅድ አልናገርም› ብሎ ደብቆኛል። በዚህ ነው የተጣላነው።»

የሆነ ነገር ነቢላን ውስጧን ነካ አደረጋት፤ ልትይዘው ስትል አመለጣት። ይህ ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። ጓሮ ሄደች።

አቶ ወንድምአገኝ ጓሮ፣ የሚያክሟት አህያ አጠገብ ቆመዋል። ሽማግሌው ቆጣ ብለዋል፤ ማንደጃው የእሳቸው ስለሆነ ሰው ሁሉ በእሳቸው ያሳበበ መስሏቸዋል።

«ማታ ለራቴ አቀጣጥዬ ጎረቤት ለቅሶ ደረስኩ። ስመለስ ማንደጃው የለም። ዲሪባ ወስዶት ነው ብዬ ተውኩት፤ ሲበርደው ይወስዳል። ቀዳዳዋ ክፍት ስለሆነች አልሰጋሁም።»

«ሌላ ሰውም ይወስዳል?»

«ማን ይደፍረዋል? አንዱ ጆሮው ተገንጥሏል። በጨርቅ ካልያዙት ይልጣል። ዲሪባ አንዴ ለብልቦት ስለነበር ካለ ጨርቅ አይነካውም።»

ነቢላ ወደ ሳሎን ስትመለስ ጋሽ ኢብሳ መጥተዋል። አሰላ ውስጥ ጋሽ ኢብሳን የማያውቅ የለም፤ ፊታቸውን ባያውቅ ድምፃቸውን ያውቀዋል። ለዓመታት በሬዲዮ የአርሲን ዘፈን ሲያስደምጡ፣ ሲተነትኑ ኖረዋል። ረጅም ናቸው፤ በር ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጽሐፋቸው አዲስ እትም በትልቅ አዳራሽ ሊመረቅ ጥሪው ተበትኗል። ነቢላን ሲያዩ እጃቸው እንደረጠበ ሰው የቀኝ እጃቸውን አንጓ ዘረጉላት። እሷም አንጓውን ጨበጠች።

«ተማሪዬ ነበር» አሉ፤ ያ የታወቀ ድምፃቸው ተሰባበረ። «አመሻሽ ላይ አብሬው ነበርኩ። ስወጣ ሴትዮዋ ማንደጃ ይዛ ስትገባ በር ላይ ተገናኘን። ምነው በከለከልኳት!»

«ምን አለችዎት?»

«ለልጁ ቡና እንደምታፈላ።»

«ልክ እንዳለችው ይበሉልኝ፣ ጋሽ ኢብሳ። ለፋይሉ ነው።»

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። ሐዘን ላይ ቢሆኑም ሙያቸው ተነክቷል።

«ድምፅ መያዝ እኮ እንጀራዬ ነው። ‹ቡና ሙጫ ኪያፍ ነን ዳንፊሳ› ነው ያለችው። ለልጄ ቡና አፈላለታለሁ።» የሁሩታን አነጋገር እስከ ትንፋሹ አስመሰሉት። ሚፍታ ሳያስበው ፈገግ አለ።

ጣቢያው ውስጥ አዴ ራቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ነቢላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሻካራ ነው፤ ግን ምንም አልሆነም። ደጁ ላይ ሚፍታ አስቀድሞ በሹክሹክታ ነግሯታል፦ መርማሪው «ቡና ላፈላለት ነው ብለሻል ወይስ አላልሽም?» ሲላቸው «እሱን አላልኩም» ይላሉ። «ምኑን?» ሲላቸው ዝም። «ቡና ላፈላ አላልኩም በይ፣ ልጻፈው» ቢላቸው አሁንም ዝም። መርማሪውም ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮታል።

«አዴ፣ የሚጠጣ ነገር ላስመጣልዎት? ሻይ ይሁን ቡና?»

«ኤዬ፣ ልጄ። ጉራቻ ካለ ጉራቻ ይሁንልኝ።»

ጉራቻ ማለት ጥቁር ማለት ነው። ሚፍታ «ጥቁር ሻይ ነው?» ሲል፣ «ላኪ፣ ሻይ አይደለም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነቢላ ቀጥ ብላ ቆመች። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች።

ኢተያ፣ እናቷ ቤት ነው ሐሳቧ የሄደው። የአባቷ እናት ሻሽቱ ይባሉ ነበር፤ እናቷ እስከ ዛሬ ሻይን ሻይ ብላ አታውቅም፤ «ሙቁን አምጪ» ነው የምትለው። ልጅ ሳሉ ከወንድሞቿ ጋር እናታቸውን «ሻይ በይ፣ ሻይ በይ» እያሉ ያስቸግሯት ነበር። አንድም ቀን አላለችም።

«ሚፍታ» አለች ነቢላ ደጅ አውጥታው። «ማታ ያደሩበት የእህታቸው ልጅ ጋ ደውል። የአዴ ራቢያ የባላቸው አባት ስም ማን እንደነበር ጠይቅልኝ። እሳቸውን እንዳትጠይቅ፤ አይነግሩህም።»

ሚፍታ ደወለ፤ ስሙን ነገራት። ነቢላ ወደ አዛዡ ቢሮ የሄደችው እየሮጠች ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በዲሪባ ሳሎን ተሰበሰቡ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል። አቶ ወንድምአገኝ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ኤፍራታ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ጋሽ ኢብሳ ቀኝ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተው ትልቁ ወንበር ላይ ናቸው። አዴ ራቢያን ሚፍታ በር አጠገብ አስቀመጣቸው። ነቢላ መሀል ለመሀል ትንጎራደዳለች።

«ከቀዳዳው ልጀምር» አለች። «ኤፍራታ ስፖንጁን ነቅላ ሄዳለች። ዛሬ ጠዋት ግን ተወትፎ ነው ያገኘነው። ስለዚህ ዲሪባ በቸልተኝነት አልሞተም፤ ተገድሏል። ቀዳዳው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የወተፈው። አዴ ራቢያ ክፍሉን አያውቁትም። ደግሞ እኔ ያልደረስኩበት እሳቸው አይደርሱበትም።»

«ወንበር አለ አይደል?» አሉ ጋሽ ኢብሳ በእርጋታ።

«አለ። ልክ ነዎት፣ ጋሽ ኢብሳ። ይሄ ብቻውን አያነጻቸውም። እሳቸውን የሚያነጻቸው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«‹ቡና ሙጫ ኪያፍ ነን ዳንፊሳ።› ያሉት እንዲህ ነው አይደል? ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል።»

ነቢላ ወደ አዴ ራቢያ ዞረች። «አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስሙን እኔ ልጥራው።» አዴ ራቢያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «የአዴ ራቢያ የባላቸው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቡሽራ ይባሉ ነበር። እኛ አርሲዎች ዘንድ ላጉ የሚባል ነገር አለ። የተዳረች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። ጋሽ ኢብሳ፣ ስለ ላጉ ጽፈዋል፤ ትዝ ይልዎታል?»

ሽማግሌው የወንበሩን ክንድ በግራ እጃቸው ጨበጡ።

«እኔ ትዝ ይለኛል» አለች ኤፍራታ ቀስ ብላ። «‹ይህ ልማድ ዛሬ ጠፍቷል› ይላል።»

«ጠፍቷል! እኚህ ሴት ከተዳሩበት ቀን ጀምሮ ያንን ቃል አልጠሩም። ጠዋት እንኳ ጉራቻ ስጡኝ ነው ያሉኝ። እርስዎ ሲዋሹ ከሰል ለምን ይገባል ብለው አሰቡ፤ ለቡና ነዋ። ማንም ሰው የሚያስበው ነው። አፋቸውን፣ ትንፋሻቸውን አስመሰሉ፤ ግን ከተዳሩ ወዲህ አንዴም ያላሉትን ቃል አፋቸው ውስጥ ከተቱ።»

ጋሽ ኢብሳ ሳቁ። ሳቃቸውም ሲሰማ ያምራል። «አዛዥ፣ ይሄን ፍርድ ቤት ወስደው መሳቂያ ሊሆኑ ነው? ሰው ሲቸኩል ልማዱን ይረሳል። ልማዷ ያን ያህል ከሆነ እስቲ እዚሁ...»

«እዚሁ ምን?» ነቢላ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ዛሬ ጠዋት መርማሪው ‹ቡና ላፈላ አላልኩም› ይበሉና ልጻፈው ብሏቸዋል። እንዲክዱ ነው የለመናቸው! ቃሉን ላለመጥራት ሲሉ ክህደታቸውን ተዉ፤ እስር ቤት መረጡ። ይህች ሴት ለአንድ ጀበና ስትል ትረሳዋለች?»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ለምን እንደዋሹ ደግሞ ኤፍራታ ታሳየናለች።» ኤፍራታ ላፕቶፑን አዞረችው። «ሰባቱ እናቶች እነዚህ ናቸው። አንድ ላይ የወደቁት ፕሮግራሙ ስለተሳሳተ አይደለም። በሰባቱም ውስጥ ‹ቡ› የለም፤ የሰባቱም ሴቶች አማት ቡሽራ ሊሆኑ አይችሉም። ሰባት ሴቶች አልነበሩም። አንዲት ናት፤ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ዲሪባ ይህን ደረሰበት። መምህሩ ስለሆኑ ደግሞ ከሰው በፊት ለእርስዎ ነገረዎት። እንዲያፍሩ አልፈለገም። እርስዎም ብርድ ነው ብለው ከሰል አስገቡለት፤ እሱም አመሰገነዎት፤ ማዳመጫውን አደረገና ወደ ሥራው ዞረ። እርስዎ እጅዎን ወደ ላይ ሰደድ ማድረግ ብቻ ነበረብዎት። ወንበር አላስፈለገዎትም።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው።»

«አቶ ወንድምአገኝ፣ ማንደጃዎን የማያውቅ ሰው ሲያነሳው ምን ይሆናል?»

«ይልጠዋላ!»

«ጋሽ ኢብሳ፣ ጠዋት አንጓዎን ጨብጫለሁ። እጅዎ አልረጠበም፣ አልቆሸሸም። ቀኝ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡልን።»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። ነቢላ ጠበቀች፤ መጠበቅ ሞቷ ነው፤ ግን ጠበቀች። በመጨረሻ እጃቸው ቀስ ብሎ ወጣ። የመዳፋቸው ቆዳ ከአውራ ጣታቸው ስር ውሃ ቋጥሮ ተልጧል።

«ያን ዓመት ዝናቡ አላቆም አለ» አሉ ጋሽ ኢብሳ፣ ለማንም ሳይሆን። «መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። ስድስቱ ቀበሌዎች ጋ መድረስ አቃተኝ። እሷ ግን የማታውቀው ዘፈን አልነበረም። በኋላ ልመለስና የሌሎቹን ልቀዳ ብዬ ስም ሰጠኋቸው። መጽሐፉ ተወደደ። ከዚያ እንዴት ልመለስ?»

«ልጁ ግን ሊከስዎት አልነበረም» አለች ኤፍራታ እያለቀሰች። «አከበረዎት እንጂ!»

ሚፍታ ካቴናውን ሲያወጣ ነቢላ የተቃጠለውን እጅ እንዳይነካ ምልክት ሰጠችው። ጋሽ ኢብሳ በሩን ሲያልፉ እንደ ወትሯቸው ጎንበስ አሉ። አዴ ራቢያን ግን ቀና ብለው አላዩአቸውም። አዛዡ ጉሮሮውን ጠራረገና «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብሎ ተከተላቸው።

አዴ ራቢያ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሱ።

«በሬዲዮ እሰማው ነበር» አሉ። «ድምፄን በሌላ ሴት ስም ሲጠሩት። ለማን እናገራለሁ? ልጆቼ ራሱ ‹ሰው ይመሳሰላል› አሉኝ። ያ ልጅ መጥቶ ‹አዴ፣ ይህን ቃል ለምን አትጠሪውም?› ሲለኝ ደነገጥኩ። አብሮኝ የኖረ ሰው ያላወቀውን እሱ በምን አወቀ?»

«በዚህ ነው» አለች ኤፍራታ ላፕቶፑን እየነካች።

«ትናንት ስመጣ ‹ስምሽን በሰባቱም ላይ ልጻፈው?› አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል፣ የአማቴ ስም በሰው አፍ ይገባል ብዬ ‹እስኪነጋ ላስብበት› አልኩት። ሄጄ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ነቢላ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። ለመነሳት አልቸኮለችም።

«ጠዋት እኮ እሺ ልለው ነበር የመጣሁት» አሉ አዴ ራቢያ። «በሩን ሳንኳኳ ፖሊስ ከፈተልኝ።»

ኤፍራታ ዓይኗን ጠረገች፤ የመጀመሪያዋን እናት ስም ከስክሪኑ ላይ አጠፋችና «ራቢያ ማን ልበል፣ አዴ?» አለቻቸው።

«ራቢያ ኢርሻድ።»

ኤፍራታ ጻፈችው። ወደ ሁለተኛዋ ወረደች።